ካርድ ያለው ሁሉ አይገባም

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ስለ ላም ብቻ አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን፣ ስሙም በመዝገብ የተጻፈለትን ነገር ሊጠቀምበት ሳይችል ሲቀር ያችው የሰማይ ላም ትዝ ትለዋለች። በዛሬው ጽሑፋችን የምናወራው የዚህችኑ ላም ታሪክ ነው። ላሚቱ የታየችው ግን በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ አናሃይም ከምትባለው ከተማ፣ በዝነኛው የዲዝኒላንድ መናፈሻ በር ላይ ነው። ዘመኑንም የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

መሥራቹ ዋልት ዲዝኒ የመናፈሻውን አጀማመር ሲያስረዳ፣ ሁለት ሴቶች ልጆቹን ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ግሪፊት ፓርክ እየወሰደ፣ እነሱ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸው እንደ ነበር ይናገር ነበር። ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ስፍራ ለምን አይኖርም? ብሎ ማሰቡም ከዚያ ወንበር ላይ ነው። ሐሳቡ ተፈጽሞ መናፈሻው ጁላይ 17 ቀን 1955 ተመረቀ። የዚያን ዕለት የሚገባው በግብዣ ካርድ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን በሐሰት የታተመ ካርድ የያዘ ሰው ስለ በዛ 28,000 ያህል ሕዝብ ገብቶ ተጨናንቆ ዋለ። እንግዲህ የካርድና የበር ጣጣ ከመናፈሻው ጋር አብሮ ተወለደ ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው በአንድ ዶላር፣ ልጅ በ50 ሳንቲም ገብቶ፣ ለየመጫወቻው ደግሞ ለብቻ ይከፍል ነበር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በደረጃ የተከፋፈሉ ትኬቶች ያሉበት ደብተር መሸጥ ተጀመረ። ደብተሩ በ1982 ቀርቶ፣ አንድ ጊዜ ከፍሎ ሁሉን መጫወት ሆነ። በ1980ዎቹ ዓመታትም የዓመት መግቢያ ካርድ መጣ። ይህ ካርድ ለአካባቢው ነዋሪ መናፈሻውን እንደ ሰፈሩ ሜዳ አደረገለት። ከሥራ ሲወጣ ልጆቹን ይዞ ብቅ ይላል፤ ሰልፈኛውን አይቶ፣ አንድ ሁለት መጫወቻ ሞክሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ረከስ ያለ ዋጋ ላለው ካርድ የማይገባባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ቀኖቹ አስቀድመው ስለሚታወቁ የሚገዛው ሰው የሚገዛውን ያውቅ ነበር።

በማርች ወር 2020 የኮሮና ወረርሽኝ በሩን አዘጋው። መናፈሻው ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ ሲቆይ፣ በጃንዋሪ 2021 የዓመቱ ካርድ ጨርሶ መሰረዙ ተነገረ። ኤፕሪል 30 ቀን 2021 በሩ እንደገና ሲከፈት፣ ትኬት ያለውም ሰው አስቀድሞ በኢንተርኔት ቀን ማስያዝ ግዴታው ሆነ። የሰው ቁጥር በሕግ በተወሰነበት በዚያ ወቅት ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነበር።

ነገሩ የተወሳሰበው በኦገስት 2021 ነው። በተሰረዘው ካርድ ምትክ «የአስማት ቁልፍ» የተባለ አዲስ ካርድ ወጣ። አራት ዓይነት ሲሆን ዋጋው ከ399 እስከ 1,399 ዶላር ይደርስ ነበር። ቁልፉን የገዛ ሰው ግን ቁልፉ ብቻውን በሩን አይከፍትለትም ነበር፤ ለየጉብኝቱ ቀን ማስያዝ ነበረበት። በአንድ ጊዜ ሊያስይዝ የሚችለውም እንደ ካርዱ ደረጃ ከሁለት እስከ ስድስት ቀን ብቻ ነበር። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ አስይዞ ሳይሰርዝ የቀረ ደግሞ ለ30 ቀን አዲስ ቀን ከማስያዝ ይታገድ ነበር። ልጅ ታሞበት፣ ወይም አለቃ አምሽተህ ሥራ ብሎት የቀረም ሰው ቢሆን፣ ቀኑን በጊዜው ካልሰረዘ ደንቡ ይቆጠርበት ነበር።

ከሁሉም የከረረው ክርክር የተነሣው 1,399 ዶላር በሚሸጠው «የሕልም ቁልፍ» ላይ ነው። ይህ ካርድ የተዘጋ ቀን የለበትም ተብሎ ነበር የተሸጠው። አንዲት ባለካርድ ቀን ለማስያዝ ስትሞክር ለባለካርዶች ሞልቷል የተባለው ቀን የአንድ ቀን ትኬት ለሚገዛ ሰው ክፍት ሆኖ አገኘሁት ስትል ፍርድ ቤት ከሰሰች። ይኸውም የዕለቱ ቦታ በሁለት ቋት ተከፍሎ፣ የባለካርዱ ቋት ቢያልቅም የዕለት ከፋዩ ገና ይቀዳ ነበር ማለት ነው። ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በ2023 ዘጠኝ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገንዘቡ ከ103,000 ለሚበልጡ ባለካርዶች ሲካፈል፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 67 ዶላር ያህል ነበር።

መቼም የኩባንያውንም ወገን ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም። መናፈሻው የሚይዘው ሰው ልክ አለው፤ ሁሉም በአንድ ቅዳሜ ቢመጣ ማንም አይደሰትም። ደግሞም የዓመት ካርድ ያዥ ደጋግሞ ስለሚመጣ፣ በየጉብኝቱ ሲሰላ ከእንግዳው ያነሰ ይከፍላል። ኩባንያው በ2022 ባወጣው የሒሳብ መግለጫ የዲዝኒላንድ ጎብኚዎች ስብጥር ለገቢው እንዳልተመቸ የገለጸው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ታዲያ እውነቱ ገንዘቡ ከመቀበሉ በፊት በግልጽ ቢነገር ምን ነበረበት?

በእኛ አስተያየት ጥፋቱ ቀጠሮ መስጠቱ ላይ አይደለም፤ ሁለተኛውን ቁልፍ ደብቆ አንደኛውን መሸጡ ላይ ነው። ጉዳቱም ለሁሉ እኩል አይደለም። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በሚባለው ሰፈር አካባቢ ከሚሠሩት ወገኖቻችን መካከል አንዱን አባት እናስብ። ለደቡብ ካሊፎርኒያ ነዋሪ ብቻ ይሸጥ የነበረው የ399 ዶላር ካርድ አብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ተዘግቶበታል። ሰኞም ማክሰኞም ነጻ የሆነ ሰው የቀረውን ቀን እየመረጠ ይገባል፤ ከቅዳሜ በቀር ዕረፍት የሌለው አባት ግን ለልጆቹ የገዛላቸው ስሙን ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ካርድ ሊገዛ የሚያስብ ሁሉ በመጀመሪያ የሚቀጥሉትን ሁለትና ሦስት ወሮች ሰሌዳ አሳዩኝ ይበል። ከዚያም እሱ በእርግጥ ሊሄድባቸው የሚችሉትን ክፍት ቀኖች ይቁጠርና ዋጋውን ለነዚያ ቀኖች ያካፍል። ሒሳቡ ከአንድ ቀን ትኬት ዋጋ ከበለጠ ካርዱን ይተወው።

ግዴታው የማይላላ አለመሆኑም ታይቷል። በፍሎሪዳ የሚገኘው የዚሁ ኩባንያ መናፈሻ፣ ቀኑ ተለይቶ የተጻፈበት ትኬት የገዛ ሰው እንደገና ቀን እንዲያስይዝ ማስገደዱን በጃንዋሪ 2024 ትቷል። ሁለት ጊዜ መጠየቅ አላስፈላጊ መሆኑን ለመረዳት ግን ዓመታት ፈጅቷል።

ይህን የምናነሣው ስለ ጨዋታ ስፍራ ብቻ ብለን አይደለም። ዛሬ ተማሪ የሆነው ነገ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ለሰው ቀን ይቆርጣል፤ አንዳንዱም ዛሬውኑ ይቆርጣል። ቦታው ጠባብ፣ ባለጉዳዩ ብዙ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቁጥሩንና ደንቡን ከበሩ ላይ በግልጽ ይለጥፍ፤ የማይፈጽመውንም ቃል አይሽጥ። ወረፋን ሕዝብ ይታገሣል። የማይታገሠው፣ ከፍሎ ከገባበት ወረፋ ጎን ሌላ በር ተከፍቶ ሲያይ ነው።