በጥልቅ ባሕር ሥር ያሉ የአለት እጥፋቶችና ስብራቶች በድምፅ ሞገድ የሚጠኑበት ዘዴ

በገደል ፊት ቆሞ የተጣራ ሰው የገደል ማሚቶው እስኪመለስለት ያለውን ጊዜ ቢቆጥርና የድምፅን ፍጥነት ቢያውቅ፣ ገደሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ሊያሰላ ይችላል። ከብዙ ሺህ ሜትር ውኃ በታች የተቀበሩ የአለት እጥፋቶችና ስብራቶች የሚጠኑበት የሴይስሚክ ዘዴም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። የጥናቱ መርከብ የታመቀ አየር በድንገት በመልቀቅ የድምፅ ሞገድ ያስነሣል፤ ሞገዱ ከባሕሩ ወለልና ከወለሉ በታች ከተነባበሩት ንጣፎች እየነጠረ ሲመለስ፣ መርከቡ በስተኋላው በሚጎትተው ረጅም ገመድ ላይ የተደረደሩ የድምፅ መቀበያዎች ይመዘግቡታል።

ከዚህ ምዝገባ የሚገኘው ሥዕል መሬት ተቆርጦ የታየ ይምሰል እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም። ቁልቁል የሚወርደው መለኪያ በመጀመሪያ የሚያመለክተው ጥልቀትን ሳይሆን ድምፁ ደርሶ ለመመለስ የፈጀውን ጊዜ ነው። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከወለሉ በ4 ሴኮንድ የተመለሰ ማሚቶ የ3,000 ሜትር ጥልቀት ምልክት ነው። በአለት ውስጥ ግን ፍጥነቱ ይጨምራል። ከወለሉ በታች ያለው ንጣፍ ድምፅን በሴኮንድ 2,500 ሜትር የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ተጨማሪው 2 ሴኮንድ የ2,500 ሜትር ውፍረት ማለት ነው፤ የውኃው ፍጥነት በስሕተት ቢወሰድ ግን 1,500 ሜትር ብቻ ይሆናል። ስሌቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሁለት መስመር የሚያልቅ ሲሆን፣ ስሕተቱ ግን አንድ ሺህ ሜትር ነው። ከዚህም በላይ ድምፅን በፍጥነት የሚያሳልፍ አለት በአንድ ስፍራ ብቻ ካለ፣ ከሥሩ ያለው ዝርግ ንጣፍ ጉብ ያለ መስሎ ይታያል፤ እጥፋት በሌለበት እጥፋት አለ ሊባል ይችላል።

ዘዴው በጉልህ ከተሠራባቸው ስፍራዎች አንዱ ከጃፓን በስተደቡብ የሚገኘው የናንካይ የባሕር ውስጥ ጎድጓዳ ነው። በዚያ የፊሊፒን ባሕር የምድር ቅርፊት በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ ከጃፓን ሥር ይገባል፤ በላዩ የተከማቸውም ደለል ግድግዳ ላይ እንደተገፋ ምንጣፍ እየተጨማደደ ይታጠፋል፣ ይሰበራል፣ አንዱም በሌላው ላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1944 በዚሁ አካባቢ የደረሰው፣ መጠኑ 8 ገደማ የሆነው የመሬት መንቀጥቀጥና ያስከተለው የባሕር ማዕበል ከ1,000 በላይ ሰዎችን ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከኪኢ ባሕረ ገብ መሬት ማዶ በርዝመት፣ በስፋትና በጥልቀት የተካሄደው የሴይስሚክ ጥናት፣ ከሁለቱ ቅርፊቶች መገናኛ ተገንጥሎ ወደ ባሕሩ ወለል የሚወጣ ታላቅ የስብራት ቅርንጫፍ አጉልቶ አሳየ። እንዲህ ያለው ቅርንጫፍ ሲንሸራተት ወለሉን ሽቅብ ስለሚያነሣ ማዕበል ለመቀስቀስ የተመቸ ነው።

ለባሕር ዳር ከተሞች ፕላን አውጪዎች ትልቁ ጥያቄ ስብራቱ መኖሩ ሳይሆን በቅርብ ዘመን መንቀሳቀሱ ነው። መልሱ በላይኞቹ ንጣፎች ይነበባል። ስብራቱ አሮጌውን ንጣፍ ቆርጦ፣ አዲሱ ደለል ግን ሳይቆረጥ ከሸፈነው፣ በዚያ ስፍራ እንቅስቃሴው ደለሉ ከመከማቸቱ በፊት ቆሟል ይባላል። ደለሉ በእጥፋቱ ጀርባ ላይ ሳስቶ በግራና በቀኝ ከወፈረ ደግሞ፣ ሲከማች እጥፋቱ ገና በማደግ ላይ ነበር።

ማሚቶው የማይናገረው ነገርም አለ፤ ስብራቱ በዝግታ ወይም በቅጽበት መንሸራተቱን አይገልጽም። ብዙ ተመራማሪዎች ለወለሉ የቀረበው ለስላሳ ደለል በዝግታ ብቻ ይንሸራተታል ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ቺክዩ በተባለችው መርከብ በተካሄደው ቁፋሮ ከተገኙት ናሙናዎች መካከል፣ ከስብራቶቹ ጠባብ ቀጠና የወጡት ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት እንዳለፈባቸው አመለከቱ። ይህን ያህል ሙቀት የሚፈጥረው የፈጣን መንሸራተት ሰበቃ ነው። የጉድጓዶቹ ቦታ የተመረጠው አስቀድሞ ከሴይስሚኩ ሥዕል ላይ ነበር።