ከሕዋ የሚታየውና የማይታየው፦ የጦርነት ጉዳትን በሳተላይት ምስል ስለ መገመት

በጦርነት የተጎዳን መንደር ማንም ሳይደርስበት ከሕዋ ሆኖ መመርመር ዛሬ የተለመደ ተግባር ሆኗል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያሉ ምስሎች በመገናኛ ብዙኃን ሲቀርቡ ገሚሱ ተመልካች ያለ ጥያቄ ያምናቸዋል፤ ገሚሱ ደግሞ ያለ ጥያቄ ይክዳቸዋል። ሁለቱም ያልጠየቁት ነገር አንድ ነው፦ ለመሆኑ መሣሪያው ምን የማየት አቅም አለው?

መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሳተላይት፣ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1፣ መረጃዋን ትልክ የነበረው እንጦጦ ላይ ወደ ተተከለው መቀበያ ጣቢያ ነው። ሳተላይቷ ለግብርናና ለአካባቢ ጥናት የታሰበች ስትሆን፣ የምስሏ አንድ ነጥብ ወይም ፒክስል በምድር ላይ በየጎኑ 14 ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ይህም 190 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ማለት ነው። እስቲ ከእንጦጦ ኮረብታ ቁልቁል የየካ ክፍለ ከተማን የቆርቆሮ ጣሪያዎች እንመልከት። ተጠጋግተው ከተሠሩት ቤቶች ሦስቱ ወይም አራቱ በአንድ ፒክስል ውስጥ ይገባሉ፤ ምስሉ የሚመዘግበውም የሁሉንም አማካይ ብርሃን ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ 40 ካሬ ሜትር የሚሆነው፣ ቢፈርስ የሚለወጠው የፒክስሉ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ጎረቤት የዛገ ቆርቆሮውን በአዲስ ቢተካም ተመሳሳይ መጠን ያለው ለውጥ ሊታይ ይችላል!

እሳት ግን ከዚህ ይለያል። የእንጦጦ ባሕር ዛፍም ሆነ ማንኛውም ለምለም ቅጠል፣ ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ታሕተ ቀይ ብርሃን አብዝቶ ያንጸባርቃል፤ አመድና ከሰል ግን እጅግ ጥቂት ብቻ ይመልሳሉ። ስለዚህ የተቃጠለ ሰፈር መካከለኛ ጥራት ባለው ምስል ላይ እንኳ ጎልቶ ይወጣል። በትግራይ ጦርነት ወቅት የኤርትራውያን ስደተኞች መጠለያ የነበሩት የሽመልባና የሕጻጽ ካምፖች መቃጠላቸው በ2013 ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ በመጀመሪያ ከሳተላይት ምስሎች የታወቀውም በዚህ ምክንያት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ባልደረቦች በስፍራው ተገኝተው ውድመቱን ያረጋገጡት በመጋቢት ወር ነበር። ልብ ይባል፤ ምስሉ መቃጠሉን ነገረን እንጂ ክብሪቱን የጫረውን አልነገረንም። ለዚያ የሰው ምስክርነት ያስፈልጋል።

ከጥራት ሌላ ትልቁ እንቅፋት ደመና ነው። በክረምት ወራት የአገራችን ደጋማ ክፍል ለሳምንታት ሊሸፈን ስለሚችል ተራ ካሜራ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ራዳር ግን የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ይቀበላልና ደመናም ሆነ ጨለማ አያግደውም። የአውሮፓዋ ሴንቲኔል-1 የምትጠቀምበት የሞገድ ርዝመት 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ግድግዳ ካልተነካ በተለያየ ቀን የሚመልሰው ሞገድ ዑደቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ከፈረሰ ግን የሁለቱ ቀናት ሞገዶች መዛመዳቸውን ያቆማሉ። የዩክሬንና የጋዛ ከተሞችን ውድመት የሚያሳዩ በሰፊው የታወቁ ካርታዎች የተሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ሆኖም ዘዴው የሚሠራው በድንጋይና በሲሚንቶ ለተገነባ ከተማ ነው። በማሳና በዛፍ መካከል ተበታትነው ለሚገኙ የገጠር ቤቶች ብዙም አይረዳም፤ ሰብሉ በማደጉና ቅጠሉ በመወዛወዙ ብቻ ዝምድናው ይጠፋልና፣ ጦርነት ባይኖርም ማለት ነው። በከተማ የተፈተነን ካርታ ለገጠራችን እንዳለ መገልበጥ የማንደግፈው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሕንፃ ሳይፈርስ ሰው የሚሞትበት ጥቃት ነው። ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የቶጎጋ ገበያ በአየር ተደበደበ፤ መንግሥት ዒላማው ታጣቂዎች ነበሩ ቢልም በርካታ ገበያተኞች ሞተዋል። ወሩ ክረምት የሚገባበት ነው፤ ገበያም ሰው ተሰብስቦ የሚበተንበት ስፍራ ነው። ፒክስል ቢቆጠር ከጥቃቱ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል ላይሆን ይችላል። በዚያ ቀን የሆነው የታወቀው መቀሌ ከደረሱ ቁስለኞችና ካከሟቸው ሐኪሞች ነው።