59.3 ሄርዝ

ስለ ኤሌክትሪክ ሲወራ ሁሉም ሜጋዋት ይቆጥራል። ፍሪኩዌንሲን ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ ለእኔ ግን ትልቁ ቁጥር እሱ ነው። የእኛ መስመር 50፣ የአሜሪካው 60 ሄርዝ ላይ ይሠራል። መስመሩ ላይ ያሉ ትልልቅ ጄነሬተሮች ተናበው ይሽከረከራሉ፤ ጭነቱ ከምርቱ ሲበልጥ ሁሉም አብረው ይዘገያሉ፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ሶኬት ላይ የሰካኋት ትንሽ መለኪያ አለችኝ፤ በእራት ሰዓት 49.9 ስትል አያታለሁ።

ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2021 ቴክሳስ ከባድ ውርጭ ላይ ሳለች ይኸው ቁጥር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ወደ 59.3 ወረደ። ጉድለቱ አንድ ሄርዝ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ከ59.4 በታች 9 ደቂቃ ቢቆይ ጣቢያዎቹ ራሳቸውን ለማዳን ከመስመር ይወጡ ነበር፤ አብዛኛው ቴክሳስ ጨልሞ መልሶ ማስነሳቱ ሳምንታት ሊፈጅ ይችል ነበር። የቆየው 4 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ነው። ያተረፈው የመስመሩ ተቆጣጣሪዎች ጭካኔ ነው፦ መብራት ሰፈር በሰፈር ቆረጡ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች፣ ዳላስ ያሉ ወገኖቻችን ጭምር፣ በዚያ ውርጭ ጨለማ ውስጥ ቀሩ። በግዛቱ ቆጠራ 246 ሰው ሞቷል።

እዚህ ላይ የምናደድበት ወሬ አለ፦ «የነፋስ ተርባይኖቹ በረዶ ያዛቸውና መብራት ጠፋ» ይባላል። ተርባይኖች መቆማቸው እውነት ነው። ግን ከወደቁት ጣቢያዎች አብዛኞቹ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ ነበሩ። የጋዝ ጉድጓዶች አፍ ቀዘቀዘ፣ መለኪያና ቧንቧ ተዘጋ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ጋዝ የሚገፉ አንዳንድ መጭመቂያዎች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ በመሆናቸው በዚያው ቆረጣ መብራት አጡ፤ ጋዙም ይበልጥ አነሰ። ቴክሳስ ከጎረቤት መስመሮች ጋር ያላት ግንኙነት ቀጭን ስለሆነ ብዙ መበደርም አልተቻለም።

ነፋስና ፀሐይን ነፃ ማውጣት ግን አልፈልግም። በዚያ ሰዓት ፀሐይ የለችም፤ ነፋስም በትእዛዝ አይነፍስም። የፀሐይ ፓነል በኢንቨርተር ስለሚገባ ደግሞ ፍሪኩዌንሲው ሲወርድ የሚቋቋም ከባድ ተሽከርካሪ የለውም፤ የግድብ ተርባይን ግን አለው። ስለዚህ «ይህን ያህል ሜጋዋት ተከልን» ሲባል፣ በውርጭ ሌሊት ስንቱ ይገኛል ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ራሳችን ሰፈር ልመለስና አንድ ቅሬታ ልጨምር። መብራት ሲመጣ እልል ብላችሁ ምጣዱን፣ ምድጃውን፣ የውኃ ማሞቂያውን አንድ ላይ አታብሩ። አንድ ምጣድ ብቻ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ሰፈሩ በሙሉ እኩል ከለኮሰ የትራንስፎርመሩ ፊውዝ ይሄዳል። መጀመሪያ ፍሪጁ ይነሣ፤ እንጀራው ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ምንም አይሆንም።