የተማሪ ብስክሌት ምን ዓይነት ይሁን?

ባሕር ዳርና ሐዋሳ ብስክሌት የለመዱ ከተሞች ናቸው። ሁለቱም ሐይቅ ዳር የተቆረቆሩና ሜዳማ በመሆናቸው ተማሪው፣ አስተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው ለረጅም ዘመን በብስክሌት ሲመላለስባቸው ኖሯል። ባጃጅ ከገባ ወዲህ ብስክሌቱ ቢሳሳም ልማዱ ጨርሶ አልጠፋም። አዲስ አበባ ግን ሌላ ናት። ዳገቷና የመኪናዋ ጋጋታ ብስክሌትን ከስፖርተኛና ከልጆች እጅ ሳያወጡት ቆይተዋል።

አሁን ነገሩ መለወጥ ጀምሯል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና የሚዘጉባቸው ቀናት መጡ። በ2012 ዓ.ም. ትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የ10 ዓመት ስትራቴጂ ይፋ አደረገ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ከተሠሩት መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር ይታያል። መስመሩ ላይ ምን ይነዳ የሚለው ጥያቄ ግን ከመንገዱ ያነሰ ትኩረት ነው ያገኘው። መንገድ የሚሠራው መንግሥት ነው፤ ብስክሌቱን የሚገዛው ግን ተማሪው ወይም ወላጁ ነው፣ ገበያው ያቀረበለትን።

ገበያው የሚያቀርብለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማውንቴን ነው። ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ 18 ወይም 21 ማርሽ የተጻፈበት፣ ሲያዩት የሚያምር። ጉዳቱ የሚታወቀው በወራት ውስጥ ነው። ርካሹ ሞላ የነጂውን ኃይል እየበላ ከመወዛወዝ ያለፈ ጥቅም የለውም። ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው ክፍል ከኋላ ጎማ ጎን ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ ስለሆነ ብስክሌቱ አንድ ጊዜ በዚያ ጎኑ ከወደቀ ይጣመማል። ከሁሉ የከፋው ግን የኋላው ጎማ አክሰል ነው። ጥርሶቹ ተደራርበው ቦታ ስለሚይዙ በእነሱ በኩል ያለው ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ከኩሽኔታው እስከ ሻሲው ያለው የአክሰል ክፍል ደጋፊ አይኖረውም። ከኋላ ጓደኛ ወይም የጤፍ ከረጢት ሲጫን አክሰሉ በዚያው ቦታ ይጎብጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሰበራል። ጠጋኙ አውጥቶ በሌላ ይተካዋል፤ የተተካውም በዚያው ቦታ ይሰበራል። ይህ የጠጋኙ ጥፋት አይደለም፣ የነጂውም አይደለም። ብስክሌቱ ሲነደፍ ለጭነት አልታሰበም።

ታዲያ ማርሹ ይቅር? ብዙ አገሮች አዎን ብለው ነበር የመለሱት። ቻይናና ሕንድ ሕዝባቸውን በብስክሌት ያንቀሳቀሱት አንድ ማርሽ ብቻ ባለው ጥቁር የብረት ብስክሌት ነው፤ ቅርጹ ከእንግሊዞቹ የድሮ ብስክሌት የተወረሰ ነው። ለባሕር ዳር ይህ መልስ ዛሬም በቂ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከፔዳ ግቢ ወደ ፖሊ ግቢ የሚሄድ ተማሪ ማርሽ መቀየር የሚያስገድደው ዳገት የለበትም። ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚወጣ፣ ወይም ከአራት ኪሎ በአምስት ኪሎ አድርጎ ስድስት ኪሎ የሚደርስ ተማሪ ግን ሌላ ሒሳብ አለበት።

ሒሳቡን መሥራት ይቻላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ 20 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት፣ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ቢወጣ 100 ዋት ያህል ኃይል ያወጣል። ለጤነኛ ወጣት ይህ ከአቅም በላይ አይደለም። ችግሩ ባለአንድ ማርሹ ብስክሌት ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር 5 ሜትር ያህል የሚሄድ መሆኑ ነው። በዚያ ፍጥነት ፔዳሉ በደቂቃ 27 ጊዜ ገደማ ብቻ ስለሚዞር እያንዳንዱ ርግጫ እጅግ ይከብዳል፤ ነጂው ከኮርቻው ተነሥቶ መቆም ይጀምራል፣ በመጨረሻም ወርዶ ይገፋል። በአንድ ዙር 2 ሜትር ተኩል የሚሄድ ማርሽ ቢጨመርለት ዙሩ ወደ 53 ከፍ ይላል፣ የርግጫው ክብደትም በግማሽ ይቀንሳል። በአንጻሩ ከብስክሌቱ ላይ 5 ኪሎ ብረት ብንቀንስ ድካሙ የሚቀንሰው በ6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ ገንዘብ ያለው ነዳፊ ገንዘቡን ብስክሌቱን በማቅለል ላይ ሳይሆን አንድ ቀላል ማርሽ በመጨመር ላይ ቢያውለው ይሻላል። ሃያ አንድ ማርሽ አያስፈልግም፤ አንድ ለሜዳ፣ አንድ ለዳገት ይበቃል።

ይህንን ለማድረግ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው ጥርሶቹን በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ መደበቅ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተጀመረው የስተርሚ አርቸር ባለ3 ማርሽ እምብርት ጭቃና አቧራ አይደፍረውም፣ ቢወድቅም አይጣመምም። ከተበላሸ ግን ከፍቶ የሚጠግነው ሰው እንደ ልብ አይገኝም። ሁለተኛው መንገድ አዲስ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ወርልድ ባይሲክል ሪሊፍ ለአፍሪካ ገጠር በሚያሠራው ቡፋሎ በተባለው ብስክሌት ላይ በቅርብ ዓመታት ሁለት ካቴና ጎን ለጎን የተገጠመበት ዓይነት አወጣ። ነጂው ፔዳሉን ትንሽ ወደኋላ ሲያዞር ኃይሉ ከአንዱ ካቴና ወደ ሌላው ይዛወራል። መሳቢያ ገመድ የለውም፣ ጎን ላይ የተንጠለጠለ ነገርም የለውም። ለእኛ ከተሞች ከሁሉም የሚቀርበው ሐሳብ ይህ ይመስለኛል።

ፍሬን ላይ ግን ቡፋሎን እንዳለ መቅዳት አይበቃም። መሠረታዊው፣ ባለአንድ ካቴናው ቡፋሎ ፔዳሉን ወደኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ፍሬን ነው ያለው፤ ዝናብ አያሰንፈውም፣ ጥገናም ብዙ አይፈልግም። ከእንጦጦ ሥር እስከ ታች በሚወርድ ረጅም ቁልቁለት ግን ይሞቃል፣ ግራሶው ይቀልጣል፣ የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። ለአዲስ አበባ በእጅ የሚያዝ ጠንካራ የፊት ፍሬን የግድ ነው።

የሻሲው ቅርጽም ቀላል ነገር አይደለም። ከመሪው እስከ ኮርቻው የሚዘረጋው አግዳሚ ብረት ቀሚስ የለበሰችን ሴት ከብስክሌቱ ያርቃታል፤ ከብስክሌት መራቅ ደግሞ ከትምህርት መራቅ ሊሆን ይችላል። የሕንዷ ቢሃር ክፍለ ግዛት በ2006 እ.ኤ.አ. 9ኛ ክፍል ለገቡ ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ 2,000 ሩፒ መስጠት ስትጀምር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የልጃገረዶች ምዝገባ በ32 በመቶ ማደጉን ካርቲክ ሙራሊድሃራንና ኒሺት ፕራካሽ የተባሉ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። አግዳሚውን ዝቅ ማድረግ ሻሲውን በመጠኑ ስለሚያላላው ወፈር ያለ ቧንቧ ይፈልጋል፤ ክብደቱ ይጨምራል። በዚህ ጭማሪ ወንድምና እኅት በአንድ ብስክሌት የሚጠቀሙ ከሆነ እኔ በደስታ እቀበለዋለሁ።

ዋጋው የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም ብስክሌት ከዚህ አላመለጠም። ሻሲውን፣ የዕቃ መጫኛውን፣ ፓራፋንጎውንና መቆሚያውን እዚህ መበየድ ይቻላል፤ የወንበርና የበር ብረት የሚበይድ ባለሙያ በየሰፈሩ አለ። ካቴና፣ ኩሽኔታና ጎማ ግን ከውጭ መምጣታቸው አይቀርም። ስለዚህ ከየትኛውም ሱቅ በሚገኝ ልክ መነደፍ አለባቸው። ባለ26 ኢንች የማውንቴን ጎማ በዚህ ረገድ ተመራጭ ነው፤ ጎሚስታው የሚያውቀው፣ የውስጥ ጎማውም በየገበያው የሚሸጠው እሱ ነው። ልዩ ጎማ ያለው ቆንጆ ብስክሌት አንድ ቀን ጎማው ሲቀደድ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይቀራል።

ተማሪው አራት ወይም አምስት ዓመት ይማራል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ለታክሲ የሚከፍለውን፣ ለብስክሌቱ መግዣና ለጥገናው ከሚያወጣው ጋር ቢያወዳድር ትርፉ ይገባዋል። በአንድ ጊዜ የሚከፈለውን ገንዘብ ግን ከየት ያምጣ? አንድ ዩኒቨርሲቲ የብስክሌቱን ልክ ወስኖ በጅምላ ቢገዛ፣ ለተማሪው በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ቢሰጥ፣ በግቢው በር ውስጥም ጥበቃ ያለው ማቆሚያና አንድ የጠጋኝ ክፍል ቢያዘጋጅ ይህን ጥያቄ በትንሹም ቢሆን ለመመለስ መሞከር ይቻላል። የመጀመሪያው ሙከራ ባሕር ዳር ላይ ቢሆን እመርጣለሁ። ሜዳው አለ፣ ነጂው አለ፣ ጠጋኙም አለ፤ የሚጎድለው ለጭነትና ለቀሚስ የታሰበው ብስክሌት ብቻ ነው። ባለሁለት ካቴናው ደግሞ ቀጥሎ አዲስ አበባ ላይ፣ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል ይፈተን።