ማይክሮዌቭ ምድጃ በሰበካ ጉባኤ ማእድ ቤት

በቆቦ ዙሪያ ያለ አንድ ሰበካ ጉባኤ፣ በውጭ አገር ከሚኖሩ የአጥቢያው ልጆች ማይክሮዌቭ ምድጃ በስጦታ ተቀብሎ «እንጠቀምበት ወይስ ይቅር?» ሲል ጠየቀን። አንዳንድ አባቶች «ምግቡ ጨረር ይዞ ይቀራል» ብለው ሰግተዋል፤ ሌሎች ደግሞ ዕቃው እንጀራ ጋግሮ የማገዶን ችግር እንዲያቃልል ተስፋ አድርገዋል።

በምድጃው ውስጥ ማግኔትሮን የሚባል ክፍል አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለራዳር ያገለገለ ሲሆን፣ በሰከንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ያመነጫል። በምግቡ ውስጥ ያሉ የውኃ ሞለኪውሎች ሞገዱን ተከትለው ለመዞር ሲታገሉ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ሙቀቱም ከዚያ ይገኛል። ሞገዱ የሬዲዮ ሞገድ ዘመድ ነውና ማብሪያው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ በምግቡ የሚቀር ጨረር የለም። በበሩ ላይ የሚታየው ወንፊት መሰል ብረት ብርሃንን ያሳልፋል፤ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ሞገድ ግን ያግዳል። ስለዚህ በሩ የተሰበረ ወይም በሚገባ የማይገጥም ምድጃ ፈጽሞ አይሥራ።

የብረት ሳህንም አይገባበትም። እኛው ራሳችን በሠርቶ ማሳያው ዕለት ቀለም የተቀባውን ሳህን ብረትነቱን ሳናስተውል አስገብተን፣ ብልጭታው ካህናቱን አስደንግጧል።

እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ከሥሩ በጋለ ምጣድ ላይ ነው፤ ማይክሮዌቭ ይህን አይሠራም። ለማሞቅ ግን ቆጣቢ ነው። 1,200 ዋት የሚስብ ምድጃ ለ3 ደቂቃ ቢሠራ የሚፈጀው 0.06 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን በአንድ ሰዓት 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። የራያ ቆላ የማሽላ እንጀራ ቶሎ እንደሚደርቅና እንደሚፈረፈር ሁላችን እናውቃለን፤ ጥቂት ውኃ ረጭተው፣ ሸፍነው ለጥቂት ሰከንድ ቢያሞቁት ይለሰልሳል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ስለሚጠነክር ግን ወዲያው ይበላ። ሽሮ ወጥም ዳሩ ፈልቶ መካከሉ ቀዝቃዛ ሊሆን ስለሚችል መካከል ላይ መማሰል ይኖርበታል። በቆላው ሙቀት ውሎ የተበላሸን ምግብ ማሞቅ ደኅና አያደርገውም፤ በተለይ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ከሆነ ይደፋ።

ኮሚቴው ምድጃውን ለአረጋውያን አጥሚትና ወጥ ማሞቂያ መድቦታል። ለማገዶው ጥያቄ ያቀረብነው ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራውን ምርጥ ምድጃ ነው፤ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት ግማሽ ያህሉን ሊያተርፍ ይችላል።