እሳትና ውኃ በጅቡቲ ሐዲድ ላይ

በእንፋሎት ዘመን ባቡርን ከጣቢያ ጣቢያ የሚያደርሱት ሁለት ሰዎች ነበሩ፦ ነጂውና እሳት አንዳጁ። ወደ ኢትዮጵያ ይህን ሥራ ያመጣው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው ሐዲድ ነው። መስመሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በደቡብ ምዕራብ ያለውን ከፋ፣ ከቦንጋ እስከ ቢታ ገነት፣ ሐዲዱ አልደረሰውም። ይሁንና ከዚያ በበቅሎ ተጭኖ አዲስ አበባ የገባ ቡና ወደ ባሕር የሚወርደው በነጂውና በአንዳጁ ድካም ነበር።

የአንዳጁ ቀን ተሳፋሪው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ይጀመራል፤ የቀዘቀዘ ሎኮሞቲቭ በቂ እንፋሎት እስኪያገኝ ሰዓታት ይፈጃልና። ከሰሉን በአካፋ ስስ አድርጎ ይበትነዋል። ከተከመረ አየር አያስገባም፤ ትርፉ ጭስ ነው። እሳቱንም የሚያጠናክረው ዳገቱ ላይ ሳይሆን ከዳገቱ በፊት ነው።

ከእሳቱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ውኃው ነው። የምድጃው ጣራ ምንጊዜም በውኃ መሸፈን አለበት። ውኃው ከዚያ ከጎደለ ብረቱ ግሎ ይለሰልሳል፣ ግፊቱን መቋቋም ያቅተውና ውኃው የሚፈላበት ጋን ይፈነዳል። ስለዚህ የአንዳጁ ዓይን ከውኃ መለኪያው መስታወት አይለይም። በጅቡቲና በድሬዳዋ መካከል ባለው በረሃ ደግሞ ውኃ ብርቅ ነው። ማዕድን የበዛበት ውኃ ሲፈላ፣ በቆየ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚታየው፣ የጋኑን ቱቦዎች በቅርፊት ይለብጣል። ቅርፊቱ ሙቀት ስለሚከለክል ማገዶ ያስበላል፤ ጋኑም በየጊዜው ታጥቦ መጽዳት ይኖርበታል።

ነጂው የሚያዝዘው እንፋሎቱን ነው። ሲነሣ እንፋሎቱ ፒስተኑን ረጅም ርቀት እንዲገፋ ይለቀዋል። ፍጥነት ሲያገኝ መግቢያውን ቀድሞ ይዘጋዋል፤ የገባው እንፋሎት እየተስፋፋ ቀሪውን ይገፋል፣ ማገዶና ውኃም ይቆጠባል። ነጂው ይህን ካላወቀበት ዕዳው በአንዳጁ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ የሁለቱ መግባባት የሥራው ዋና ነገር የሆነውም ለዚህ ነው። ጣቢያ ሲደርሱ ነጂው ዘይት ይዞ ይወርድና የመንኮራኩሮቹን መዞሪያ በእጁ ጀርባ ይነካል፤ የጋለ ካለ ዘይት አንሶታል ማለት ነው።

ከባዱ ፈተና ከአዋሽ በኋላ ይመጣል። ባቡሩ ከ1,000 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ጣቢያ፣ ለገሃር፣ ይወጣል። መንኮራኩሩ ከተንሸራተተ ነጂው ሐዲዱ ላይ አሸዋ ያፈሳል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ጭንቀቱ ወደ ፍሬኑ ይዞራል።

ባቡሩ የሚጓዘው ቀን ቀን ብቻ ስለነበር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ማደሪያውም አዋሽና ድሬዳዋ ነበር። ተሳፋሪው ሲያርፍ ምድጃው ይጠረጋል፣ አመዱ ይወጣል፣ ውኃና ማገዶ ይሞላል። ከበድ ያለው ጥገና የሚከናወነው በድሬዳዋው ትልቅ ጋራዥ ነበር። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እንፋሎቱን ሲተኩ ነጂው ሥራውን እንደያዘ ቀጠለ፤ የአንዳጁ ሙያ ግን ከአካፋው ጋር ቀረ።