በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጉብኝት የፓርክ አመራረጥ

ለዱር እንስሳት ጉብኝት የሚሆን ፓርክ መምረጥ ማለት ሊታይ የተፈለገውን እንስሳ፣ የሚኖርበትን ቦታ ከፍታ፣ የጉዞውን ወቅትና የጉብኝቱን ቀናት ብዛት አገናዝቦ መወሰን ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከኬንያና ከታንዛኒያ ትለያለች። በማሳይ ማራ ወይም በሴሬንጌቲ ጎብኚው ከመኪና ሳይወርድ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽና በሺህ የሚቆጠሩ የሜዳ አህዮችን በአንድ አካባቢ ሊያይ ይችላል። በኢትዮጵያ እንስሳቱ በቁጥር ያነሱና በተራራቁ ቦታዎች የተበታተኑ ናቸው። ሆኖም ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ደጋ አጋዘንና ጭላዳ ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚኖሩበት ሌላ አገር የለም። በመሆኑም የፓርኩ ስፋት ወይም ዝና ሳይሆን የሚፈለገው እንስሳ የምርጫው መነሻ ይሆናል።

የጥበቃ ቦታዎች ዓይነት

ብሔራዊ ፓርክ ሰፊ መሬትን ከነእንስሳቱና ከነዕፅዋቱ ለመጠበቅ የተከለለ ቦታ ነው። መጠለያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ እንስሳ ተብሎ ይከለላል፤ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያና የሰንቀሌ የቆርኬዎች መጠለያ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ሕዝብ ራሱ የሚጠብቃቸው ሥፍራዎች አሉ። በመንዝ የሚገኘውን ጓሳ የአካባቢው ነዋሪዎች ቄሮ በሚባል ባህላዊ ሥርዓት ሣሩን በየተራ እየከለከሉና እየፈቀዱ ለብዙ ዘመን ጠብቀውታል። በዚህም ምክንያት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ ይገኙበታል።

ደጋማ ፓርኮች

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። መግቢያው ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የደባርቅ ከተማ ነው። ጭላዳዎች በመንጋ ሆነው ሣር ሲነጩ በቅርብ ይታያሉ። ዋልያ ግን ገደል ላይ የሚውል በመሆኑ እሱን ለማየት የእግር ጉዞና ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የጨነቅ አካባቢ ለዚህ ይመረጣል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ተመሥርቶ በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ቀይ ቀበሮን ለማየት ከሁሉ የተሻለው ቦታ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሳነቴ አምባ ነው። ቀበሮው የሚያድናቸው አይጦችና ግዙፉ ፍልፈል ቀን ቀን ስለሚወጡ እሱም የሚያድነው በቀን ነው፤ አምባው ገላጣ በመሆኑም ከመንገድ ላይ እንኳ ሊታይ ይችላል። ደጋ አጋዘን በዲንሾ ዙሪያ፣ የባሌ ጦጣ ደግሞ በሐረና ደን ይገኛሉ።

ቆላማ ፓርኮች

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሚገኝ ሁለት ቀን ብቻ ላለው ሰው ይስማማል። ሳላ፣ ከርከሮ፣ አምባራይሌና አዞ ይገኙበታል። በአርባ ምንጭ አጠገብ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ያለው ነጭ ሣር ፓርክ በሜዳ አህያ ይታወቃል፤ በጫሞ ላይ በጀልባ ተጉዞ አዞና ጉማሬ ማየት ይቻላል።

የስዌይን ቆርኬን የሚፈልግ ወደ ሰንቀሌ ወይም ወደ ማዜ ይሄዳል። በጋምቤላ የሚገኘው ነጭ ጆሮ ቆርኬ በስም ቢመሳሰልም ሌላ እንስሳ ነው፤ ውኃና ሣር እየተከተለ በደቡብ ሱዳንና በኢትዮጵያ መካከል በታላቅ መንጋ ይዘዋወራል። ዝሆንና ጎሽ ለማየት ጨበራ ጩርጩራ ይመረጣል።

ወቅት

በደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። በክረምት ጉምና ጭቃ ጉዞውን ያከብዱታል። ባሌ የበልግ ዝናብም ያገኛል። በቆላ ሣሩ ሲደርቅና ውኃ ሲያንስ እንስሳቱ ወደ ወንዝና ምንጭ ስለሚሰበሰቡ በበጋ መገኛቸውን ማወቅ ይቀላል። በሙቀት ሰዓት ግን ጥላ ውስጥ ስለሚተኙ ጉብኝቱ ማለዳና አመሻሽ ላይ ይደረጋል።

ከጉዞ በፊትና በፓርኩ ውስጥ

የመንገዱና የአካባቢው ጸጥታ ሊለዋወጥ ስለሚችል ቀን ከመቁረጥ በፊት ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ማጣራት ያስፈልጋል። ወደ ሳነቴ ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች በአንድ ቀን ከቆላ መውጣት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያመጣ ስለሚችል ዝቅ ባለ ቦታ አንድ ሌሊት ማደር ይመከራል።

የቀይ ቀበሮ ቁጥር 500 ገደማ ብቻ ነው የሚባለው። በባሌ ከቤት ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በተለያዩ ጊዜያት ብዙ ቀበሮዎችን ገድሏል፤ ስለዚህ ውሻ ይዞ መግባት አይገባም። ጭላዳን መመገብም እንስሳውን ከሣሩ አርቆ ወደ ሰው ያስጠጋዋል። በአካባቢው አስጎብኚ፣ በቅሎ አከራይና ጠባቂ መጠቀም ደግሞ በፓርኩ ዙሪያ ለሚኖረው ገበሬ እንስሳው በሕይወት በመኖሩ ገቢ ያስገኝለታል። የግጦሽና የእርሻ መሬት ጥበት በፓርኮቹ ላይ ዋናው ጫና በመሆኑ ይህ ገቢ ለእንስሳቱ ህልውና ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም።